ስንቅ ያልደረሰው ሕዋስ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብበት። ተረቱን ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ግን ቆም ብለን አንጠይቀውም። ለመሆኑ አንድ በሽታ ተረት እስኪሆን ድረስ ስንት አንገት ላይ መውጣት አለበት? ስንት ትውልድስ አብሮት መኖር አለበት? ተረትና ምሳሌ የሚሠራው ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ነገር ነው፤ ከአህያው፣ ከጅቡ፣ ከዝናቡ፣ ከጨው። እንቅርት እዚህ መካከል መግባቱ በደጋው ኢትዮጵያ ምን ያህል ቤተኛ ሆኖ እንደኖረ ይመሰክራል። እናቶቻችንና አያቶቻችን አንገታቸውን የተነቀሱት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ንቅሳቱ እንቅርትን ይከላከላል የሚል እምነትም ነበረበት።

ሌላም ተረት አለ፤ «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚል። ሁለቱ ተረቶች አንድ ላይ ሲነገሩ ሰምቼ አላውቅም። በዚህ ጽሑፍ ግን ላገናኛቸው እሞክራለሁ፤ የእንቅርትና የጨው ታሪክ አንድ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁና። ታሪኩም ስለ አንገት ብቻ አይደለም። በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚሠራው የሕፃን አንጎል፣ ለአንጎሉም ከሩቅ ስለሚላክለት ስንቅ ነው። መነሻዬን ሐይቅ እስጢፋኖስ አድርጌአለሁ። ከዚያ ወደ ጦርነት፣ ከጦርነቱ ወደ አንዲት የጣልያን ከተማ፣ ከዚያም ተመልሰን ወደ ራሳችን ጓዳ እንገባለን። መንገዱ ጠመዝማዛ ቢመስልም አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ሐይቁና የጨው መንገድ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ፣ ከአምባሰል ተራሮች በስተ ደቡብ፣ የሐይቅ ውኃ ብቅ ይላል። ገዳሙ ያለበት ቦታ ጥንት በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው እዚህ ሰፈሩ፤ ገዳሙንም የትምህርት ማዕከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1280–81 የተጻፈው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ስለ ሐይቅ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ መምህራኑና ስለ መጻሕፍቱ ነው። ተገቢም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከመምህሩ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። ተማሪው ፊደል ሊቈጥር ሲቀመጥ ፊደሉን የሚቀበለው አንጎል ተሠርቶ፣ ክሩ ሁሉ ተዘርግቶ ነው የሚመጣው። ያንን ማን ሠራው? በምንስ ሠራው? የአብነት ተማሪ ስንቁ ሲያልቅበት በየቤቱ ደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል። ገና ያልተወለደው አንጎልም ስንቅ የሚፈልግበት ጊዜ አለው፤ ልዩነቱ ድምፅ አውጥቶ መለመን አለመቻሉ ነው።

በሐይቁ አጠገብ ሰሜንን ከደቡብ የሚያገናኝ የጥንት መንገድ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ባገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ በኩል ሲያልፍ ሐይቁንና በመካከሉ የነበረውን የእስጢፋኖስ ገዳም ተመልክቶ ጽፏል። ይኸው ሰው ጨው በመላው መንግሥት እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ ከመነሻው እየራቀ በሄደ መጠንም ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ መዝግቧል። አሞሌ ማለት ይህ ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ በመጥረቢያ ተፈልጦ፣ ተጠርቦ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ጠርዝ ይወጣል፤ ከዚያ በአህያና በበቅሎ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጋገረ ወደ መሐል አገር ይወርዳል። አሞሌ ምግብም ነበረ፤ ገንዘብም ነበረ። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በሬ ተገዝቶበታል፤ ግብር ተገብሮበታል።

እንግዲህ የደጋ ሰው ለጨው ብዙ ከፍሏል። ያን ያህል የከፈለበት ጨው ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። ምን እንደጎደለው ያወቀ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን በአውሮፓም የሚያውቅ አልነበረም። የጎደለውን ነገር ከመናገሬ በፊት በዚሁ መንገድ ስላለፈ ሌላ ጭነት ልናገር። እሱም ጦር ነው።

ከደሴ እስከ ቱሪን

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ኅዳር 26 ለሐይቅ ሰው እንደ ማንኛውም ቀን አይደለም፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዕረፍት የሚታሰብበት በዓል ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ማይጨው ላይ የሆነው ከሆነ በኋላ፣ ወራሪው ጦር ከሰሜን ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ።

ጦሩን ተከትሎ ሕግ መጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ሮም ላይ በወጣ ሕግ፣ ከኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ሆኖ የኖረ የኢጣልያ ዜጋ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። ደም ከደም ጋር እንዳይቀላቀል ነው ነገሩ። ሕጉ የወጣው እኛን ለመለየት ነበር፤ ነገር ግን በእኛ ላይ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1938 በ10 ምሁራን ስም የተፈረመ የዘር ማኒፌስቶ ሮም ላይ ታተመ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ሊዲዮ ቺፕሪያኒ የተባለ፣ አፍሪካን እየዞረ የሰው ፊትና ራስ ይለካ የነበረ የሰው ዘር ተመራማሪ ነው። የአፍሪካዊ አእምሮ ዝቅተኛነት አብሮት የተወለደና የማይለወጥ ነው ብሎ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። በዚያው ዓመት መስከረምና ኅዳር ላይ የወጡት ሕጎች አይሁዳውያንን ከትምህርት ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲና ከመንግሥት ሥራ አባረሩ። ለቅኝ ግዛት የተሞረደው ቢላዋ ወደ ቤት ተመለሰ ማለት ነው።

ከተባረሩት መካከል በቱሪን ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ዓመት በፊት በሕክምና የተመረቀች የ29 ዓመት ሴት ነበረች። ስሟ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ይባላል። ለጥቂት ጊዜ ብራስልስ ሄዳ ሠራች፤ ጀርመኖች ቤልጅግን ከመውረራቸው በፊት ወደ ቤተሰቧ ተመለሰች። ዩኒቨርሲቲ አትገባም፤ ሕክምና መሥራት አትችልም። ምን ቀረ? የመኝታ ክፍሏ ቀረ። ክፍሏን ቤተ ሙከራ አደረገችው። የልብስ መስፊያ መርፌ በድንጋይ ስላ የቀዶ ጥገና መሣሪያ አደረገችው። መመርመሪያዋ ዶሮ ያልታቀፈችው፣ በማሞቂያ ሣጥን የተቀመጠ እንቁላል ነበር። አስተማሪዋ ጁሴፔ ሌቪም አይሁዳዊ ነበርና ከወንበሩ ተባሮ ስለነበር መጥቶ የተማሪው ረዳት ሆነ። ቱሪን በቦምብ ስትደበደብ ወደ ገጠር ሸሹ፤ እዚያም ከገበሬ እንቁላል እየለመነች ቀጠለች። ለምርምር ያልዋለውን አስኳል ለቤተሰቡ ጠብሳ ታበላ ነበር ይባላል።

ምን ፍለጋ ነበር ይህ ሁሉ? እ.ኤ.አ. በ1934 ቪክቶር ሐምቡርገር የተባለ ሳይንቲስት አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። እሱም ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነው፤ ናዚዎች ከፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ስላባረሩት አሜሪካ ቀርቷል። ሐምቡርገር በጫጩት ፅንስ ላይ ገና እምቡጥ የሆነውን ክንፍ ቆርጦ ሲያወጣ፣ ወደ ክንፉ መሄድ የነበረባቸው የነርቭ ሕዋሳት በሕብለ ሰረሰሩ ውስጥና አጠገብ ተመናምነው አገኛቸው። ክንፉ ሕዋሳቱን «ነርቭ ሁኑ» ብሎ የሚጠራቸው ነገር ይልክ ይሆናል፤ ክንፉ ሲጠፋ ጥሪው ስለጠፋ ሳይፈጠሩ ቀሩ ብሎ አሰበ።

ሪታ በመኝታ ክፍሏ ሙከራውን ደገመችው። በየሰዓቱ፣ በየቀኑ እየከፈተች አየችው። ያየችው ግን ሌላ ነበር። ሕዋሳቱ ተፈጥረዋል። ነርቭም ሆነዋል። ክራቸውንም ወደ ክንፉ ቦታ ዘርግተዋል። ክንፉ በሌለበት ደርሰው፣ የሚቀበላቸው አጥተው፣ ከዚያ በኋላ ነው የሞቱት። አለመፈጠርና ተፈጥሮ ስንቅ አጥቶ መሞት በመጨረሻው ቁጥር አንድ ይመስላሉ፤ በእውነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ልብ በሉ፤ ይህን ያየችው ሴት ስለ አእምሮና ስለ ዘር በሚደነግግ ሕግ የተባረረች ናት። ቺፕሪያኒና ጓደኞቹ የአእምሮ ነገር በደም ተወስኖ ያለቀ ነው ሲሉ፣ በዚያው አገር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት የነርቭ ሕዋስ ዕጣ በሚደርሰው ነገር እንደሚወሰን ታይ ነበር።

አሳዳጊው ንጥረ ነገር

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሐምቡርገር ጽሑፏን አንብቦ ሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ ጋበዛት። እ.ኤ.አ. በ1947 ለአንድ የትምህርት መንፈቅ ብላ ሄዳ 30 ዓመት ያህል ቆየች። ሁለቱ ተባብረው ሲሠሩ የእሷ አስተያየት ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የአይጥ ዕጢ በጫጩት ፅንስ ላይ ሲተከል ነርቮች እንደ ሐረግ ወደ ዕጢው እንደሚያድጉ ታየ። ከዕጢው የሚወጣ፣ ነርቭን የሚመግብ ፈሳሽ ነገር መኖር አለበት ብላ ዕጢ ያለባቸውን አይጦች ይዛ ወደ ሪዮ ዲ ጃኔሮ በረረች። እዚያ በብርጭቆ ላይ ዕጢውን ከነርቭ ሕዋሳት አጠገብ ስታስቀምጥ፣ ከሕዋሳቱ ዙሪያ የነርቭ ክር እንደ ፀሐይ ጮራ ፈነጠቀ። ስታንሊ ኮኸን የተባለ የኬሚስትሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 ተቀላቀላትና ንጥረ ነገሩን ያጣሩት ጀመር። በእባብ መርዝ ውስጥ፣ ከዚያም በአይጥ የምራቅ ዕጢ ውስጥ በብዛት ተገኘ። ፕሮቲን ነው። የነርቭ አሳዳጊ ንጥረ ነገር ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ፅንስ ሲያድግ ከሚያስፈልገው በላይ የነርቭ ሕዋስ ይፈጥራል። እያንዳንዱ ሕዋስ ክሩን ወደ አንድ መድረሻ ይዘረጋል፤ ወደ ጡንቻ፣ ወደ ቆዳ ወይም ወደ ሌላ ሕዋስ። መድረሻው ጥቂት አሳዳጊ ንጥረ ነገር ያመነጫል። የደረሰው ክር ጫፍ ላይ ንጥረ ነገሩን የሚይዝ ተቀባይ አለው። የተያዘው መልእክት በክሩ ውስጥ ወደ ኋላ ተጉዞ ሕዋሱ እምብርት ይደርሳል፤ «ተቀብለውናል፣ ኑር» የሚል መልእክት ነው። መልእክቱ ያልደረሰው ሕዋስ በራሱ ውስጥ የተጻፈውን የመሞቻ ትእዛዝ ይፈጽማል። በብዙ የነርቭ ክፍሎች ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ያልፋል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ነርቭ ከመድረሻው ጋር ልኩን የሚያገኝበት ዘዴ ነው። በሽታ የሚሆነው ስንቁ ራሱ ከልኩ በታች ሲወርድ ነው።

መጀመሪያ የተገኘው ንጥረ ነገር በዋነኛነት የሚያገለግለው ከአንጎል ውጭ ያሉ ነርቮችን ነው። ለአንጎል ወንድሞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1982 ኢቭ አለን ባርድና ባልደረቦቹ ከአሳማ አንጎል ሌላ አሳዳጊ ፕሮቲን አጥርተው አወጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በአንጎል ውስጥ ነገሩ መኖርና መሞት ብቻ አይደለም። አሳዳጊዎቹ ሕዋሱ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዲያያዝ፣ የተያያዘውም እንዲጸና ያደርጋሉ። ፊደል የሚያዘው፣ ዜማ የሚጠናው፣ የእናት ፊት የሚታወቀው በእነዚህ መያያዣዎች ነው።

የጎደለው ነገር

ታዲያ ይህ ከእንቅርትና ከጨው ጋር ምን ያገናኘዋል? አሳዳጊዎቹም አዛዥ ስላላቸው ነው። በአንገታችን ፊት ለፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን በደም ተጉዞ የፅንሱ አንጎል ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም የትኛው ሥራ መቼ እንዲጀመር ያዛል። ሕዋሳት ወደ ቦታቸው እንዲጓዙ፣ ክራቸው እንዲሸፈን፣ አሳዳጊ ንጥረ ነገሮችም በጊዜያቸው እንዲመነጩ የሚያዘው አንዱ እሱ ነው። ይህ ሆርሞን በተነፈጋቸው የአይጥ ግልገሎች አንጎል ውስጥ፣ በተለይ ሚዛን በሚጠብቀው በኋለኛው ክፍል፣ አንዳንዶቹ አሳዳጊዎች አንሰው፣ የሚሞተው ሕዋስ በዝቶ፣ ቅርንጫፉም ሳስቶ ታይቷል።

ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። ፅንሱ የራሱን ሆርሞን በሚገባ ማምረት የሚጀምረው በእርግዝናው አጋማሽ ገደማ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚኖረው ከእናቱ በእንግዴ ልጁ በኩል በሚያልፍለት ነው። እናቲቱ አዮዲን ካጣች ዕጢዋ ያለችውን ጥቂት ለመሰብሰብ ሲታገል ያብጣል። እንቅርት ይህ ነው። እንቅርት የዕጢ ድካም የሚታይ ምልክት ነው። የማይታየው ጉዳት ማሕፀን ውስጥ ነው።

መጠኑ ደግሞ የሚገርም ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ይመከራል፤ ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖር የሚያስፈልገው አዮዲን ሁሉ ተደምሮ 4 ግራም አይሞላም። ከሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነገር የአንድን ሰው ዕድሜ ልክ አእምሮ ይይዛል።

ደጋው ለምን አጣው? አዮዲን በውኃ ይሟሟል። ለብዙ ሺህ ዓመታት ዝናብ የደጋውን አፈር እያጠበ አዮዲኑን ወደ ባሕር ወስዶታል፤ አፈሩ ያጣውን እህሉም፣ ከብቱም ያጣዋል። ጨዉስ? የአፋር ጨው ጥንት ባሕር ከነበረ ውኃ ተንኖ የቀረ ነው፤ ጨው ሲጋገር ግን አዮዲኑ እምብዛም አብሮ አይቀርም። ስለዚህ ያ ውድ አሞሌ፣ በግመልና በበቅሎ ስንት ቀን ተጉዞ ሐይቅ ገበያ ሲደርስ፣ ያመጣው ጣዕም ነበር እንጂ የአንጎል ስንቅ አልነበረም። ጣፍጧልና ድንጋይ ነው ብሎ የጣለው አልነበረም።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ ነው የሚል ካለ ወደ ቱሪን ይመለስ። ቱሪን በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ያለች ከተማ ናት። በላይዋ ያሉት ሸለቆዎች እንቅርትና ከእሱ ጋር የሚመጣው የአእምሮ ዝግመት ከተስፋፋባቸው የአውሮፓ ስፍራዎች መካከል ነበሩ፤ የሰርዲኒያ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን ስለዚሁ ጉዳይ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1848 እዚያው ቱሪን አሳትሟል። አዮዲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ነው፤ ፈረንሳዊው ኩርቱዋ ለባሩድ ሥራ የባሕር አረም አመድ ሲያፈላ ነው ያገኘው። እ.ኤ.አ. በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኳንዴ እንቅርት ላለባቸው ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1895 ጀርመናዊው ባውማን በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ አገኘው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922 አዮዲን የታከለበት ጨው ለሕዝብ ማቅረብ ጀመረች፤ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ በ1924 ተከተለች። የአልፕስ ሕዝብ ዘሩን አልለወጠም፤ ጨዉን ለወጠ። የቺፕሪያኒ ራስ መለኪያ ሊያየው ያልቻለው ነገር ይህ ነው፤ ማስረጃው ግን ከደጃፉ ነበረ።

ጨዋችን

በእኛ አገር ዶክተር ዘውዴ ወልደገብርኤልና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ሰፊ ጥናት ከ35 ሺህ የሚበልጡ የትምህርት ቤት ልጆችን መርምሮ 30.6 ከመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከሦስት ልጅ አንዱ ማለት ይቻላል። ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ነገር የገጠር መንደር የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። መናገር የማይችል፣ መስማት የማይችል፣ በቁመቱ ሳያድግ የቀረ ልጅ የነበረበት ቤት በየመንደሩ ይነገር ነበር። ሁሉም ከአዮዲን እጦት ነው አልልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ከፊሉ ግን ከዚህ ነበረ። እኔ ከልጅነቴ የማስታውሰው የጎረቤት አንደበት ነው፤ «እናቱ ምን በድላ ይሆን?» የሚለው። እናቲቱ የበደለችው የለም። ዝናብ ያጠበው ማሳ ላይ የበቀለ እህል በላች፤ የጎደለው ጨው ቀመሰች፤ አንገቷ ላይ ያበጠው ዕጢ ስለ ልጇ ሲታገል ሰው እንደ ነውር አየባት።

ይህን ስል የደጋው ልጅ አእምሮው ጎድሎ ኖሯል ማለቴ አይደለም። ያ የቺፕሪያኒ ቋንቋ ነው። ቅኔ የዘረፈው፣ ድጓ በቃሉ የያዘው፣ ሐይቅ ላይ ብራና ዳምጦ የጻፈው ያው የደጋ ልጅ ነው። እጦቱ በሁሉ ላይ እኩል አይወርድም፤ ቀላል ሲሆን ከእያንዳንዱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ሲከፋ ደግሞ ጥቂቶችን ፈጽሞ ይጥላል። የደረሱልንን ሊቃውንት ስማቸውን እንጠራለን፤ በመንገድ የቀሩብንን ግን የሚቈጥር የለም።

ከዚያስ ምን ተደረገ? ከባድመው ጦርነት በፊት ወደ መሐል አገር ይገባ የነበረው ጨው በብዛት የሚመጣው ከቀይ ባሕር፣ ከአሰብ ነበር፤ አዮዲንም ይታከልበት ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ያ በር ተዘጋ። አገሩ ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ጨው ዞረ፤ ይህ ጨው በብዙ ትናንሽ አምራቾች እጅ ያለ፣ አዮዲን የማይታከልበት ነበር። ውጤቱ በሕዝብና ጤና ጥናቶች ላይ ይነበባል። በ1997 ዓ.ም. ጨዋቸው አዮዲን ያለበት ቤተሰቦች 20 ከመቶ ያህል፣ በ2003 ዓ.ም. 15 ከመቶ ያህል ነበሩ። ስለዚያ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ወደቁት፣ ስለ ተፈናቀሉት፣ ስለ ወደቡ። በጓዳ ስለ ገባው፣ ድምፅ ስላልነበረው ጉዳት ግን ጥቂት ነው የተባለው። በእነዚያ ዓመታት በማሕፀን የነበሩ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲታከልበት በደንብ ቁጥር 204 ደነገገ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ጨዋቸው አዮዲን የተገኘበት ቤተሰቦች 89 ከመቶ ደርሰዋል። በአምስት ዓመት ከ15 ወደ 89! ያገራችን የጤና ታሪክ ከሚኮራባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው፤ ሐውልት ግን አልቆመለትም።

ይሁን እንጂ አዮዲን መገኘቱና በቂ መሆኑ ሁለት ነገር ነው። በጨዉ ላይ በእኩል ካልተረጨ አንዱ ከረጢት ሞልቶ ሌላው ይጎድላል። ፀሐይ፣ እርጥበትና ክፍት ዕቃ ያባክኑታል። ወጡ ገና ሲጣድ የተጨመረ ጨው ከአዮዲኑ ከፊሉን በእሳት ያጣል፤ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። የመንገድ ዳር ጅምላ ጨው ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱ ግን ሌላ ቦታ የሚከፈል ዕዳ አለበት። ለከብት የሚገዛውን አሞሌ ለድስትም የሚያውል ቤት ካለ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ እ.ኤ.አ. በ2012 በ103 ዓመቷ አረፈች። እ.ኤ.አ. በ1992 ከመንታ እኅቷ ከፓውላ ጋር ያቋቋመችው ድርጅት የአፍሪካ ሴቶች ልጆችን ትምህርት የሚረዳ ነው። መጀመሪያ እኛን ለመለየት የወጣው ሕግ ደርሶባት የነበረች ሴት፣ በእርጅናዋ ፊቷን ወደ እኛ አቅጣጫ አዞረች። እንዲህ ያለ ነገር በታሪክ መጻሕፍት ጥግ ላይ እንኳ ሲገኝ ደስ ይለኛል።

የነርቭ ሕዋስ መንገዱን ራሱ ያገኛል፤ ክሩን ወደ መድረሻው መዘርጋት ያውቃል። የማይችለው የስንቁን መንገድ መክፈት ነው። ያ የነጋዴው፣ የአምራቹ፣ የተቆጣጣሪው፣ የባለቤቱና የጎረቤቱ ሥራ ነው። በሐይቅ በኩል በሚያልፈው መንገድ ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ ጨው ሲመላለስ የጎደለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ማንም አይወቀስም። እኛ ግን እናውቃለን። ዛሬ በወሎ አንድ ጎጆ ውስጥ አንዲት ሴት ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ለጎረቤቶቿ እንኳ አልነገረችም። የልጇ አንጎል ክሩን መዘርጋት ጀምሯል። ማታ ወጧ ላይ የምትጨምረው ጨው ምን እንደያዘ የሚወስነው ከእሷ ራቅ ብሎ ያለ ሰው ነው።